ደንገጎ ላይ ወደ በሩ የሚወረውረን ማነው?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እንዲህ ትላለች፦ «አቦ መምህር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐረር ድሬ እመላለሳለሁ። ሚኒባሱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ ወደ ግራ በታጠፈ ቁጥር ወደ በሩ ይወረውረኛል፤ አንዴማ ትከሻዬ በልዞ ነበር። ክፍል ውስጥ ግን መምህራችን ‹ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል የለም፣ ያለው ወደ ውስጥ ነው› አሉን። ታዲያ ትከሻዬን ያበለዘው ምንድነው? ፈተና ላይስ ሴንትሪፉጋል ፎርስ፣ ማለትም ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል፣ ብዬ ብጽፍ ዜሮ ነው?»

እህቴ፣ ትከሻሽ እስካሁን ድኖ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ጥያቄሽን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። ክፍል ውስጥ የተነገረሽንና ሰውነትሽ የነገረሽን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ «እነዚህ አይገጥሙም» ብለሻል። ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ዓመታት ተቆጥረዋል፤ አብዛኛው ተማሪ ፎርሙላውን ይሸመድድና መንገድ ላይ ያየውን ለብቻው ይተወዋል። አንቺ አልተውሽውም፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

ትከሻሽን ያበለዘው በሩ ነው። በሩ ደግሞ የገፋሽ ወደ ውስጥ፣ ወደ መታጠፊያው መሃል ነው። ወደ ውጭ የገፋሽ ነገር አልነበረም። «ታዲያ ወደ በሩ ማን ወሰደኝ?» ትዪ ይሆናል። ማንም አልወሰደሽም፤ በሩ ነው ወደ አንቺ የመጣው።

እስቲ በብርቱካን እንየው። ከአንዷ እናት ዘንቢል አንድ ብርቱካን ሾልኮ ሚኒባሱ ወለል ላይ ወድቋል እንበል። መኪናው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ በአንድ ፍጥነት እስከሄደ ድረስ ብርቱካኑ ካለበት አይነቃነቅም። ሾፌሩ መሪውን ወደ ግራ ሲጠመዝዝ ግን ወደ ቀኝ፣ ወደ በሩ ይንከባለላል። ውስጥ ለተቀመጠ ሰው የሆነ ነገር የገፋው ይመስላል። አሁን ደግሞ ከመኪናው ወርደሽ ከመንገዱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ቁሚ፤ የሚኒባሱም ጣሪያ መስታወት ይሁን። ከዚያ ሆነሽ ቁልቁል ስታዪ ብርቱካኑ የትም አልታጠፈም። መኪናው ከመታጠፉ በፊት ይዞት የነበረውን አቅጣጫ ይዞ ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው። የታጠፈው ሚኒባሱ ነው፤ ወለሉ ከብርቱካኑ ሥር ወደ ግራ ሸሸ፣ በሩ ከቀኝ መጥቶ ገጨው። አንቺም ያ ላስቲክ የለበሰ መቀመጫ አጥብቆ ስለማይዝሽ፣ ዕጣሽ ከብርቱካኑ ብዙ አይለይም።

ኢነርሺያ የሚባለው ይኸው ነው። የኒውተን የመጀመሪያ ሕግ እንደሚለው ከውጭ የሚያስገድደው ከሌለ የቆመ ነገር እንደቆመ ይቀራል፣ የሚንቀሳቀስም በያዘው ፍጥነት በቀጥታ መስመር ይቀጥላል። ተማሪዎቼ «በያዘው ፍጥነት» የሚለውን ይይዙና «በቀጥታ መስመር» የሚለውን ይረሱታል። ያንቺ ጥያቄ ያለው እዚያ በሚረሳው ላይ ነው። የሾፌሩ ጌጅ መታጠፊያው ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 36 ቢያሳይም የሚኒባሱ ጉዞ ተለውጧል፤ ምክንያቱም በፊዚክስ ፍጥነት ሲባል አቅጣጫውም ይቆጠራል። አቅጣጫ ለመለወጥ ደግሞ ልክ ፍጥነት ለመጨመር ወይም ለመቀነስ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ኃይል ያስፈልጋል።

በሐረርጌ ማሽላ እየጠበቀ ያደገ ልጅ ይህን ሕግ በእጁ ያውቀዋል። ማማው ላይ ቆሞ ወንጭፉን ሲያሽከረክር ተመልክተሽ ከሆነ፣ አንደኛውን ጫፍ የሚለቀው ድንጋዩ ከወፎቹ ጋር ፊት ለፊት ሲሆን አይደለም። እንደዚያ ቢለቅ ድንጋዩ ወደ ጎን ሄዶ ይስታል። የሚለቀው ድንጋዩ ወደ ወፎቹ አቅጣጫ ከመድረሱ ሩብ ዙር ቀደም ብሎ ነው፤ ከዚያ ድንጋዩ ክቡን ታክኮ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ድንጋዩን ወደ ውጭ የሚጎትት ኃይል ቢኖር ኖሮ ጠፍሩ ሲለቀው ከእጁ ተቃራኒ፣ በራዲየሱ መስመር ወደ ውጭ በተፈናጠረ ነበር። እንደዚያ አይሆንም። ጠፍሩ ሙሉውን ጊዜ ድንጋዩን ወደ እጁ ሲስብ ነበር፤ የሚስበው ሲጠፋ የሚያጥፈው ጠፋ፣ ድንጋዩም ቀጥ አለ። ወደ መሃል ለሚስበው ኃይል ሴንትሪፔታል የሚል ስም ተሰጥቶታል። ስሙ የሚናገረው ስለ አቅጣጫው ብቻ ነው። ወንጭፉ ላይ ሥራውን የሚሠራው ጠፍሩ ነው፣ አንቺ ላይ በሩ፣ ጨረቃ ላይ የምድር ስበት። ተማሪዎች «ክብደት፣ ሰበቃ፣ እና ሴንትሪፔታል» ብለው ሦስተኛ ኃይል አድርገው ሲቆጥሩት ሁልጊዜ አስቆማቸዋለሁ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ ለብቻው የቆመ ሴንትሪፔታል የሚባል ኃይል የለም።

«ግን እኮ በሩን በትከሻዬ ገፍቼዋለሁ፣ ያውም ወደ ውጭ!» ካልሽ፣ ልክ ነሽ። ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። በሩ አንቺን ወደ ግራ ይገፋሻል፣ አንቺ በሩን ወደ ቀኝ ትገፊያለሽ። ሁለቱ እኩል ናቸው፤ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው። ወደ ውጭ የሚገፋ እውነተኛ ኃይል አለ ማለት ነው፤ የሚያርፈው ግን በሩ ላይ ነው፣ አንቺ ላይ አይደለም። ኃይል በተነሳ ቁጥር «ማን ገፋ?» ብለሽ አታብቂ፤ «ማንን ገፋ?» ብለሽ ጨምሪበት። ሁለቱን ሳይለዩ «እኩልና ተቃራኒ ስለሆኑ ይጣፋሉ» የሚሉ አሉ። አይጣፉም። የጎረቤትሽ ቁጠባ ያንቺን ዕዳ እንደማይከፍል ሁሉ፣ በሩ ላይ ያረፈ ኃይል አንቺ ላይ ያረፈውን አያጠፋም።

ቁጥር ስናስገባበት የበለጠ ይጠራል። የመታጠፊያው ራዲየስ 25 ሜትር፣ የሚኒባሱ ፍጥነት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይሁን። 36 በሰዓት ማለት በሰከንድ 10 ሜትር ነው። ፍጥነቱን በራሱ አባዝተሽ ለራዲየሱ ስታካፍዪ፣ 100 ለ25፣ 4 ይመጣል፤ ወደ መሃል ያለው አክስለሬሽን፣ ማለትም ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን፣ በሰከንድ በሰከንድ 4 ሜትር ነው። በኒውተን ሁለተኛ ሕግ ኃይል ማለት ግዝፈት በአክስለሬሽን ተባዝቶ ስለሆነ፣ 60 ኪሎ ግራም ግዝፈት ያለው ሰው ከመኪናው ጋር እንዲታጠፍ 60 በ4፣ 240 ኒውተን የሚሆን ኃይል ወደ ውስጥ ያስፈልገዋል።

አሁን የኋላውን ወንበር አስቢ፣ አራት ሰው ተጠጋግቶ የተቀመጠበትን። ሁሉም 60 ኪሎ ይሁኑ፤ ሒሳቡ እንዲቀልልን መቀመጫው ያንሸራትታል፣ ሰበቃ የለውም እንበል። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ በግራ ዳር ያለው ተሳፋሪ 240 ኒውተኑን የሚያገኘው ከጎኑ ካለው ሰው ነው። ያ ሁለተኛው ሰው 240 ለጎረቤቱ ሰጥቶ ለራሱ ደግሞ 240 እንዲተርፈው ከሦስተኛው 480 መቀበል አለበት። ሦስተኛው ከአራተኛው 720 ይቀበላል። በቀኝ ዳር፣ ከመስኮቱ ጋር ያለው አራተኛ ሰው ከመኪናው ግድግዳ 960 ኒውተን ይቀበላል። ይህ ወደ አንድ ኩንታል የሚጠጋ ክብደት ጎንሽ ላይ እንደማረፍ ነው። ልብ በዪ፣ የአራቱም ጥቅል ኃይል፣ ማለትም ግፊቶቹ ተቀናንሰው የሚተርፈው፣ እኩል 240 ነው፣ አራቱም እኩል ይታጠፋሉ። የዳሩ ሰው ግን በአንድ ጎኑ 960፣ በሌላው 720 ይዞት መሃል ላይ ይጨፈለቃል። እንቅስቃሴን የሚወስነው ጥቅል ኃይሉ ነው፤ የጎድን አጥንት የሚሰማው ግን እያንዳንዱን ግፊት ለየብቻው ነው። የሁለተኛውን ሕግ ትርጉም ከዚህ የኋላ ወንበር የተሻለ የሚያሳይ ነገር አላጋጠመኝም። ክፍል ውስጥም አራት ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ በዳሩ በኩል በመጽሐፍ ስገፋቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

ሚኒባሱንስ ራሱን ማን ወደ ውስጥ ገፋው? አስፋልቱ። ጎማው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው ሰበቃ ሌላ ረዳት የለውም፤ የመታጠፊያው ጉዳይ ሁሉ ያለው መዳፍ በምታህል አራት የጎማ መርገጫ ላይ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ የሰበቃው መጠን ከክብደቱ 0.7 ያህል ነው ብለን ብንወስድ፣ ያንን የ25 ሜትር መታጠፊያ ሳይንሸራተቱ ማለፍ የሚቻለው በሰዓት እስከ 47 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው። ዝናብ ዘንቦ መጠኑ ወደ 0.4 ሲወርድ ወሰኑ ከ36 በታች ይሆናል። ሾፌሩ በደረቅ ቀን ሳይጨነቅ ያለፈበት ያው 36 በዝናብ ቀን ከወሰኑ ላይ ደርሷል ማለት ነው። በሒሳቡ ውስጥ የመኪናው ግዝፈት ከሁለቱም ወገን ስለሚጣፋ ባዶም ሆነ ሙሉ ለመንሸራተት ወሰኑ አንድ ነው። «ጭነት አለኝ፣ መሬት ይይዘኛል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። ፍጥነቱ በራሱ ስለሚባዛ ደግሞ ከ36 ወደ 72 ከፍ ያለ ሾፌር የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው፤ ይህንን የትኛውም ተራ ጎማ አይሰጥም።

ፍሬንም ከዚያው ሰበቃ ነው የሚበላው። መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ፍሬን የሚረግጥ ሾፌር ለመታጠፍ የነበረውን አቅም ለማቆም ያውለዋል፣ ለሁለቱም የማይበቃበት ጊዜ አለ። ፍጥነት መቀነስ ያለበት ከመታጠፊያው በፊት፣ መንገዱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ስለዚህ «ወንድም፣ ቀስ በል» ለማለት ከፈለግሽ ቀድመሽ በዪ፤ ማንም ቢገላምጥሽ አትፈሪ። አደጋ ሲደርስ «መኪናው ወደ ገደል ተወረወረ» ይባላል። የወረወረው የለም፤ መንገዱ ታጠፈ፣ የሚያጥፈው ኃይል ያጣው መኪና ቀጥ አለ።

ባጃጅ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፣ ከመንሸራተት በፊት መገልበጥ ይመጣል። ሰበቃው የሚሠራው ታች ጎማው ላይ ነው፣ ግዝፈቱ ግን ከፍ ብሎ ተሳፋሪዎቹ ላይ ነው፤ በሁለቱ መሃል ያለው ከፍታ እንደ መፈልቀቂያ ያገለግላል። ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላለ ደግሞ መቆሚያው ሦስት ማዕዘን ነው፣ ወደ ፊት በሄድሽ ቁጥር ይጠባል። ከዚራ ባለው ሰፊ ጎዳና ላይ የማይሰማሽ ነገር ሳቢያን አካባቢ አንድ ፈጣን ዞሮ መመለስ ላይ ይሰማሻል። ጣሪያው ላይ ጭነት የከመረ ሚኒባስም ለመንሸራተት ወሰኑ ባይለወጥም ለመገልበጥ ግን ይቀርባል።

የባቡር መሐንዲሶች ለዚህ ሁሉ መልስ የሰጡት መንገዱን በማዘንበል ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ የደረሰው አሮጌው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው፤ እንዲህ ጠባብ መሠረት ላይ ቁመቱ ከፍ ያለ ባቡር ሲታጠፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመታጠፊያ ላይ የውጪው ሐዲድ ከውስጡ ከፍ ይደረጋል። ያኔ ሐዲዱ ባቡሩን ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ትንሽ ወደ ውስጥም ይደግፈዋል፤ ወደ መሃል የሚያስፈልገው ኃይል ከፊሉ ከዚያ ይገኛል።

አንቺን ያስቸገረሽ ነገር ታላላቆቹንም አስቸግሯቸዋል። በክብ የሚሄድ ነገር ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ በ1659 አስልቶ የደረሰበት ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይገንስ ነበር፤ ውጤቱንም በ1673 አሳተመ። እሱ ግን ነገሩን ያየው ካንቺው ወገን ሆኖ ነው፣ ድንጋዩ ከመሃል ለመሸሽ እንደሚታገል አድርጎ። ሴንትሪፉጋል፣ ከመሃል የሚሸሽ፣ የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። ኒውተን በመጀመሪያ እንደዚያው ያስብ ነበር፤ ቆይቶ ግን አቅጣጫውን ገለበጠውና መሃልን የሚሻ በማለት ሴንትሪፔታል የሚለውን ቃል ራሱ ፈጠረ። በ1687 የታተመው ታላቅ ሥራው የቆመው በዚያ ግልበጣ ላይ ነው፤ ጨረቃ ለምን አትሸሽም ከማለት ይልቅ ጨረቃን ማን ያጥፋታል ብሎ ጠየቀ። ስለዚህ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠሽ «ወደ ውጭ» ማለትሽ አያሳፍርም፤ የጀመርሽው ሁይገንስ ከጀመረበት ነው።

ከውስጥ ያለ ሰው እይታም ዋጋ ቢስ አይደለም። «እኔ አልንቀሳቀስም፣ ሚኒባሱም አይንቀሳቀስም፣ ዓለሙ ነው በውጭ የሚዞረው» ብለሽ ሒሳብሽን ከመቀመጫሽ ሆነሽ መሥራት ትችያለሽ። ያኔ የኒውተን ሕጎች እንዲሠሩልሽ ከፈለግሽ ወደ ውጭ የሚገፋ አንድ ኃይል በራስሽ እጅ መጨመር አለብሽ፤ መጠኑም ልክ ግዝፈትሽ በአክስለሬሽኑ ተባዝቶ ነው። ሴንትሪፉጋል ፎርስ የሚባለው ይህ ነው። መጽሐፍት የይስሙላ ኃይል ይሉታል፣ ምክንያቱም «ማን ገፋ?» ሲባል ስም የለውም። በር ይገፋል፣ ምድር ትስባለች፣ ጠፍር ይጎትታል፤ ይህን ግን የሚያደርገው አካል የለም። መሐንዲሶች ሲመቻቸው ይጠቀሙበታል፣ መልሱም ትክክል ይወጣል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን ሞክሪ። አንድ ሃይላንድ ግዢና ጥቂት ጠጪለት፣ ክዳኑን አጥብቀሽ ጭንሽ ላይ አግድም አስተኚው፣ አፉ ወደ በሩ ይሁን። ላዩ ላይ አንድ ረዘም ያለ የአየር አረፋ ታያለሽ። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ አንቺ ወደ ቀኝ ስታዘነብዪ አረፋው ወደ ግራ ይሸሻል፣ ወደ መታጠፊያው መሃል። ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል ሁሉንም የሚገፋ ከሆነ አረፋው ምን ሆኖ ነው ወደ ውስጥ የሄደው? ከመንገዱ ዳር ሆኖ ለሚያይ መልሱ ውሃው ከአየሩ ስለሚከብድ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲቀጥል የቀኙን ጫፍ ይሞላና ቀላሉን አየር ወደ ግራ ያስለቅቀዋል። ከውስጥ ሆኖ ለሚያይ ደግሞ የስበቱና የይስሙላው ኃይል ድምር «ታች» የሚባለውን አቅጣጫ ራሱን አዘንብሎታል፤ በዚያ የ36 ኪሎ ሜትር መታጠፊያ ላይ 22 ዲግሪ ያህል። አረፋ ሁልጊዜ ወደ «ላይ» ይሄዳል፣ «ላይ» አሁን በግራ በኩል ነው። ሁለቱ ሰዎች ምክንያቱን በተለያየ ቋንቋ ቢናገሩም አረፋው የት እንደሚሄድ አይከራከሩም።

ከዚህ ማምለጥ እንደማንችልም ማወቅ አለብሽ፤ ሁላችንም የምትዞር መኪና ላይ ተሳፍረናል። ድሬዳዋ ከምድር ጋር በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ትዞራለች። ራዲየሱ እጅግ ትልቅ ስለሆነ አክስለሬሽኑ ትንሽ ነው፣ በሰከንድ በሰከንድ 3 ሴንቲ ሜትር ከምናምን። ቢሆንም 60 ኪሎ የሆነ ሰው ሚዛን ላይ ሲቆም ምድር ባትዞር ከሚያሳየው 200 ግራም ያህል አንሶ ይታያል።

ወደ ፈተናሽ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ጥያቄው ከየት ሆኖ እንደሚያይ አንብቢ። ምንም ካልተባለ ከመሬት ነው፣ የክፍል ፈተናም ብሔራዊ ፈተናም በአብዛኛው እንደዚያ ነው። ያኔ የኃይል ሥዕልሽ ላይ ክብደትሽ ወደ ታች፣ የመቀመጫው ድጋፍ ወደ ላይ፣ የበሩ ግፊት ወደ መሃል፤ በቃ፣ ወደ ውጭ ቀስት አትሳዪ። «ከሚዞረው መኪና ውስጥ ሆነሽ» ካለሽ ደግሞ ሴንትሪፉጋሉን ጨምሪ፣ ይስሙላ መሆኑንም ጻፊ፣ ሙሉ ነጥብ ነው። ዜሮ የሚያሰጠው ሁለቱን መደባለቅ ነው፦ ከመሬት ቆመሽ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እኩል ቀስት ከሳልሽ ጥቅል ኃይሉ ዜሮ ይሆናል፤ ጥቅል ኃይሉ ዜሮ የሆነ ሚኒባስ ደግሞ ደንገጎ ላይ አይታጠፍም።